የራስ መኰንን አባትነት



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ጎባ ተመልሰን ሳለ፣ ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እስኪመሽ አከራክሮን ነበር። ጥያቄውን ያነሣችው ገና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅታችን ናት። ቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቷ ወንድሟን በስሙ ጠርተው፣ ይህ ልጄ ነው ብለው እንደሚያስተዋውቁት፣ እርሷን ግን ቡናውን አቅርባ እስክትወጣ ድረስ ቀና ብለው እንደማያዩአት ነገረችን። ስትናገር አላለቀሰችም፤ የገረማት ነገር እንጂ ያስከፋት አይመስልም ነበር። እኛ ግን ደነገጥን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የዚያ ዐይነት ቤት ልጆች ነንና።

ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ከፈለን። አንዳንዱ ልጅን ማወደስ ልጅን ማበላሸት ነው፤ አባቶቻችን ፍቅራቸውን በሆዳቸው ይዘው አሳድገውናል፣ ምን ጎደለብን? አለ። ሌላው ደግሞ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባለ ያደገ ሰው፣ አርባ ዓመት ሞልቶትም ያቦካው የሚበቃ አይመስለውም ሲል ተከራከረ። ሳንስማማ ተለያየን። ለዚህ ጽሑፍ ተራው የእኛ በመሆኑ፣ በክርክሩ ላይ ሌላ ክርክር ከመጨመር የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት አምጥተን በዚያ ውስጥ ነገሩን ብናየው የተሻለ መስሎ ታየን። የመረጥናቸው ሰው የሐረሩ ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ናቸው።

ራስ መኰንን ለእኛ ለባሌዎች እንግዳ አይደሉም። ባሌ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት የሆነው፣ ጎባም ዋና ከተማው የሆነችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አገራችን በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ ከፍ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሐረር ነበር። የጣሊያን ወረራ በመጣ ጊዜ የባሌ ገዢ የነበሩትና በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ የተገደሉት ደጃዝማች በየነ መርዕድም ያገቡት የራስ መኰንንን የልጅ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅን ነበር። ነገር ግን የመረጥናቸው ስለ አገር ቅርበት ብቻ አይደለም። ስለ ራስ መኰንን ሲነገር የሚወሳው የአምባላጌ ጦርነት፣ የአድዋ ድልና የአውሮፓ መልእክተኛነታቸው ነው፤ አባትነታቸው ግን እምብዛም አይነሣም። እኛ ደግሞ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያገኘው እርሱ ይመስለናል።

የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም በተባለው ስፍራ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዲሳ፣ እናታቸውም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ነበሩ። ስለዚህ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። መኰንን ዕድሜአቸው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን አባታቸው ይዘዋቸው ወደ ምኒልክ ቤት ሄዱና ለንጉሡ አስረከቧቸው። ምኒልክ ያን ጊዜ ከመቅደላ ካመለጡ ብዙም አልቈዩም፤ ራሳቸውም ገና ወጣት ነበሩ፣ ከመኰንን የሚበልጡት በስምንት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዛሬ ዐይን ስናየው ልጅን ለሌላ ሰው ቤት መስጠት ልጅን ከመጣል የሚቈጠር ሊመስለን ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። አባት ልጁን ወደ ቤተ መንግሥት ሲወስድ፣ ይህ ልጅ ለትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ በሰው ፊት መመስከሩ ነው። ልጁም ከበር ቆሞ፣ ጋሻ ይዞ፣ ጠጅ ቀድቶ፣ ሽማግሌዎች ሲሟገቱ እየሰማ ያድጋል። ምኒልክ ራሳቸው ዐሥር ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት ኖረዋል፤ ምርኮኛ ቢሆኑም ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አይተዋቸው የገዛ ልጃቸውን ድረውላቸው ነበር። የተቀበሉትን ዐይነት አስተዳደግ ነው እንግዲህ ለመኰንን የሰጧቸው። አምነውም ሾሟቸው፤ በ1879 ዓ.ም. ሐረር ስትያዝ የዚያን ሁሉ አገር ግዛት የሰጡት ሠላሳ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ለመኰንን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1881 ዓ.ም.፣ የመንግሥት መልእክተኛ አድርገው ወደ ኢጣልያ ላኳቸው። ሲመለሱም የራስነት ማዕርግ አገኙ።

ይህን ስንጽፍ የጨለንቆን ጦርነት ዘልለን ማለፋችን አይደለም። በሐረርጌ ኦሮሞና በሐረር ሕዝብ ዘንድ የዚያ ዓመት ትዝታ መራራ ነው፤ በእኛም አገር የራስ ዳርጌን ዘመቻ እያነሡ የሚተክዙ አረጋውያን ነበሩ። ሰው በአንድ ወገን ብቻ አይመዘንም። የዛሬው ነገራችን ግን በራስ መኰንን ቤት ውስጥ ስለ ሆነው ነው።

ራስ መኰንን ወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደው ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ አላደጉላቸውም። የተረፈው አንድ ብቻ ነው። እርሱም ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር አጠገብ በምትገኘው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ተፈሪ ሲሆን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የነገሠው ነው። እናቱ ወይዘሮ የሺ እመቤት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ልጁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ብዙ ልጅ የቀበረ፣ ሚስቱንም የቀበረ አባት አንድ ልጅ ሲቀርለት ምን ያደርጋል? በእኛ አገር እንደዚህ ያለውን ልጅ ምን እንደምናደርገው እናውቃለን። ነፋስ እንዳይነካው እንሸፍነዋለን፤ ዐይን እንዳይበላው እንደብቀዋለን፤ የጠየቀውን ሁሉ እንሰጠዋለን። ወይም ደግሞ ነገ ይሞትብኛል በሚል ፍርሃት ልባችንን እናርቅበታለን። ራስ መኰንን ከሁለቱም አንዱን አላደረጉም።

በመጀመሪያ ልጁን ብቻውን አላሳደጉትም። ዘመዳቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዝለቂያ ራምሃ በኅዳር 1885 ዓ.ም. የተወለደ እምሩ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ሕፃኑ ተፈሪ በእነዚህ ቤት ከእምሩ ጋር እንደ ወንድም አደገ። አብረው ፊደል ቈጠሩ፣ አብረው ተጫወቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1929 ዓ.ም. በስደት ላይ ሳሉ በእንግሊዝ አገር ባጻፉትና በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ላይ፣ አስተዳደጋቸው እንደ ሌላው የመኳንንት ልጅ እንደ ነበረ፣ ለአንዳንድ መሳፍንት ልጆች እንደሚደረገው ያለ መጠን ያለፈ ማሞላቀቅ እንዳልነበረበት ገልጸዋል። የእናት አልባው አንድያ ልጅ አባት ሆኖ ይህን መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

በሁለተኛው ነገር ላይ ግን እውነቱን እንናገር፤ ራስ መኰንን ብዙ ጊዜ ቤት አልነበሩም። በ1888 ዓ.ም. ልጁ ገና በሦስተኛ ዓመቱ ላይ ሳለ የሐረርን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ላይ የሜጀር ቶዜሊን ጦር ድል አደረጉ፤ ከዚያም መቀሌ፣ የካቲት 23 ቀን ደግሞ አድዋ። በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ። በ1891 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ዮሐንስ ባመፁ ጊዜ ወደ ትግራይ ተላኩ። በ1894 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሲጭኑ ኢትዮጵያን ወክለው ለንደን ሄዱ፤ ንጉሡ በድንገት ታመው በዓሉ ከሰኔ ወደ ነሐሴ ስለ ተዛወረም ቈይታቸው ረዘመ። እንዲህ ስንቈጥረው ልጁ ዐሥር ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከአባቱ ጋር የኖረው በፈረቃ ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አባቱ ሹፌር የሆነ አንድ ወንድም፣ ጽሑፉን ስናዘጋጅ አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ፣ ታዲያ የአብዛኛው ሰው አባት እንዲህ አይደለም ወይ? አለን። ከሮቤ ስንዴ ጭኖ የሄደ፣ ለወታደርነት የሄደ፣ ለአጨዳ ወደ ሌላ ወረዳ የሄደ አባት ሁሉ ልጁን በፈረቃ ነው የሚያየው። እውነት ነው። እንግዲህ ልዩነቱ በመሄዱ ላይ ሳይሆን፣ ሲሄድ ልጁን ለማን ትቶ እንደሄደና ሲመለስ ምን እንዳደረገ ላይ መሆን አለበት።

ራስ መኰንን ሲሄዱ ልጃቸውን የተዉት እንደ ገዛ ልጃቸው ለሚያዩት ሰዎች ነው። ሲመለሱ ደግሞ ትምህርቱን በራሳቸው ይቈጣጠሩ ነበር። ልጁ በመጀመሪያ በአገራችን ሥርዐት ፊደሉን፣ ንባቡንና ግእዙን ተማረ። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ፈረንሳይኛ እንዲማር ወሰኑ። ያን ጊዜ የፈረንጅ ቋንቋ መማር በብዙ ሰው ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ ነገር ነበር፤ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የገጠማቸው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። ራስ መኰንን ግን ኢጣልያንም እንግሊዝንም አይተዋል፤ ሐረር ላይ ከፈረንጅ ነጋዴና መልእክተኛ ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋል። ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ ሐረር ላይ በንግድ ሥራ ሳለ ከእሳቸው ጋር ይገበያይ እንደ ነበር ይታወቃል። በአስተርጓሚ አፍ መኖር ምን ያህል እንደሚያጎድል የተረዱ ሰው ነበሩ።

አስተማሪው ማን ሆነ? ራስ መኰንን በሐረር ሆስፒታል አቋቁመው ነበር፤ በዚያ ይሠራ የነበረው ቪታሊየን የተባለ ሐኪም ከጓደሉፕ ደሴት የመጣ ጥቁር ሰው ነው። ልጃቸውን እንዲያስተምር አደረጉት። ከእርሱም በኋላ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን የተባሉ፣ ከፈረንሳይ ሚሲዮን ዘንድ የተማሩ ኢትዮጵያዊ መምህር ተመደቡለት። እኛን ያስደነቀን ይህ ምርጫ ነው። ልጁ ከፈረንጅ ቋንቋ ጋር የፈረንጅን የበላይነት አብሮ እንዳይማር ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን አጋጣሚ፣ በፊቱ የተቀመጡት ሁለቱም አስተማሪዎች ጥቁር ሰዎች ነበሩ። ልጅ አስተማሪውን እያየ የራሱን መልክ ያያል። አባ ሳሙኤል በዚህ ቤት ብዙ ዘመን ቈይተው በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ በሰጠመ ጊዜ ሞቱ፤ ተማሪያቸው ያን ጊዜ የሐረር ገዢ ሆኖ አብሯቸው ነበር፣ እርሱ ግን ተረፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጥቅምት 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን በመኳንንቶቻቸውና በሠራዊታቸው ፊት የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጡት፤ የጋራ ሙለታንም ግዛት ሾሙት። ብቻውንም አልተዉትም፤ የሚመክረውና ሥራውን የሚያስኬድለት ታላቅ ሰው አጠገቡ አደረጉለት።

ይህን ያነበበ ሰው፣ ይኸ የመሳፍንት ልጅ ወግ ነው እንጂ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ማለቱ አይቀርም። ለልጁ የሚሰጠው ጋራ ሙለታ ያለው አባት ስንት ነው? እኛም መጀመሪያ እንዲሁ አልን። ነገር ግን ስናስበው አንድ ነገር ትዝ አለን።

እኛ የተወለድነው ከሮቤ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነን አንድ ዓመት አባታችን ወገባቸውን ታመው ተኙ፤ ለዘር መግዣ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ሁለት ኩንታል ገብስ በአህያ ጭነው ወደ ሮቤ ገበያ የላኩት እኛን ነው። ጎረቤት አብሮ እንዲሄድ ቢጠይቁም፣ ዋጋ የሚቈርጠው ልጄ ነው ብለው ለጎረቤቱ በእኛ ፊት ነገሩት። ያን ቀን የሆነውን ብንደብቅ ደስ ባለን፤ አንደኛውን ኩንታል በደኅና ዋጋ ሸጥን፣ በሁለተኛው ላይ ግን ነጋዴው ሚዛኑን አጭበርብሮን ብዙ ብር ጎደለብን። ማታ እያለቀስን ገባን። አባታችን ገንዘቡን ቈጠሩ፤ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያ ሚዛን ሲነበብ እጅ የት እንደሚደረግ፣ ዐይንም የት እንደሚሆን በተኙበት አሳዩን። በሚቀጥለው ሳምንት የቀረውን ገብስ ጭነው ዳግመኛ የላኩት እኛኑ ነው። እናታችን ተቃውማ ነበር፤ ቤቱ ገንዘብ አጥቶ ሳለ ልጁ እስኪማር መክሰር አለብን ወይ? ብላ። ተቃውሞዋ ትክክል ነበር፤ አባታችንም አልካዱም። ነገር ግን ላኩን።

እንግዲህ የራስ መኰንን ሹመትና የአባታችን ሁለት ኩንታል ገብስ በመጠን እንጂ በዐይነት አይለያዩም ብንል ማጋነን አይመስለንም። ሁለቱም አባቶች ልጃቸውን በቃላት አላሞገሱም። እጃቸው ላይ ካለው ውስጥ ቢጠፋ የሚያማቸውን ነገር አንሥተው በልጅ እጅ አኖሩ፤ ያንንም ያደረጉት ሌላ ሰው እያየ ነው። ውዳሴን ልጅ ሊጠራጠረው ይችላል። የታመነበትን ነገር ግን አይጠራጠርም፤ ክብደቱን በትከሻው ያውቀዋልና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስጨንቅ ነገርም አለ። ራስ መኰንን ከሌላ እናት የተወለደ ይልማ የሚባል ታላቅ ልጅ ነበራቸው። ስለ አባቱ ፍቅር ሲነገር የሚነገረው ስለ ተፈሪ ነው፤ ይልማ በዳር ያልፋል። ራስ መኰንን ከሞቱ በኋላ ሐረርን እንዲገዛ የተሾመው ግን ይህ ታላቅ ወንድም ነበር፤ በዚህም የእቴጌ ጣይቱ ድጋፍ እንደ ነበረበት ይነገራል፣ ሚስቱ የእቴጌይቱ ዘመድ ነበረችና። ደጃዝማች ይልማ ሹመቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1900 ዓ.ም. ሞተ። በአንድ ቤት ውስጥ ለአንዱ ልጅ ክብር ሲሰጥ ሌላው ቆሞ የሚያይ ከሆነ፣ ያው አንዱን ያቆመው እጅ ሌላውን ያስቀመጠው ይሆናል። ቡና አቅርባ የምትወጣው እኅታችን ስለ ተፈሪ ስንተርክላት ወዲያው የጠየቀችን ስለ ይልማ ነበር። ራስ መኰንንን የምናደንቅ ብንሆንም በዚህ ነገር ልንከላከልላቸው አንችልም።

ልጃቸውን በሾሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሡ። በመንገድ ላይ ሕመም ጸናባቸውና ወደ ቁልቢ መለሷቸው። ቁልቢ ራሳቸው የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ስፍራ ነው። ልጃቸው ተጠርቶ መጣ። አባትየው መናገር እስኪሳናቸው ደክመው ነበር፤ ልጁን ባዩ ጊዜ ግን አጠገባቸው እንዲቀመጥ በምልክት አመለከቱት። ልጁም አጠገባቸው ሆኖ ዋለ። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜአቸው ኀምሳ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። አስከሬናቸው ሐረር በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

በዚያ ምልክት ላይ ብዙ አሰብን። በእኛ አገር ሰው ሲታመም ልጆችን ከክፍሉ ማስወጣት የተለመደ ነው፤ እንዳይደነግጡ ይባላል። በጎባ ሆስፒታል ዘመዶቻችንን ስናስታምም ስንት ጊዜ ከበር ተመልሰናል። ልጅ አይደለህም ወይ፣ ሂድ ተጫወት እንባላለን፤ በኋላም ሞቱን ከጎረቤት እንሰማለን። ራስ መኰንን በመጨረሻ ቀናቸው ላይ በዙሪያቸው መኳንንት፣ ካህናትና ሐኪም ሞልቶ ሳለ፣ ቅርቡን ስፍራ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሰጡት። ያ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ አገሩን በጠላት ተነጥቆ በባዕድ አገር ተቀምጦ የሕይወቱን ታሪክ ሲያጽፍ፣ ያንን ቀን አልረሳውም ነበር።

ከመሞታቸው በፊት ራስ መኰንን ልጃቸውን ለዐፄ ምኒልክ አደራ ብለው ጽፈው ነበር። ይህ እንግዲህ የራሳቸው አባት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል አርባ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ያደረጉት ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ቤት። ምኒልክም አደራውን ተቀበሉ። ተፈሪ አዲስ አበባ ገብቶ የሰላሌን ግዛት በስም ተቀበለ፤ ግዛቱን እንደራሴው ሲያስተዳድርለት እርሱ በቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ በአዲሱ የምኒልክ ትምህርት ቤትም ተማረ። ከሲዳሞ ግዛት ከፊሉ ተሰጥቶት ጥቂት ከቈየ በኋላ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ሐረር ተሰጠው። ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኋላ ምን ዐይነት መንግሥት መሩ የሚለው ጉዳይ ብዙ የተጻፈበት ነው፤ እኛም ሁላችን በአንድ ቃል አንስማማበትም። በእሳቸው ዘመን መጨረሻ ላይ በባሌ ገበሬ ላይ የደረሰው ግብርና የመሬት ጭንቀት፣ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀውም ዐመፅ በየቤታችን የሚወራ ነው። የሚገርመው ግን አብሯቸው ያደገው እምሩ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ፊደል፣ አንድ አባት እያዩ ያደጉ ናቸው። ራስ እምሩ ጣሊያን ሲገባ በምዕራብ ሆነው ከተዋጉ በኋላ ተማርከው በኢጣልያ ደሴት ላይ ታሰሩ፤ ነጻነት ሲመለስም ተመለሱ። ርስታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማካፈላቸውና ለገበሬ በመቈርቈራቸው ብዙ ሰው በበጎ ያነሣቸዋል። ስለዚህ አባት ለልጁ የሚሰጠው ክብር ልጁ በዚያ ክብር ምን እንደሚሠራበት አብሮ አይወስንም ማለት ነው፤ ያ የልጁ ፈንታ ነው።

አባትነትም ቢሆን በራሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይተላለፍም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአልጋ ወራሹ ከአስፋ ወሰን ጋር የነበራቸው መቀራረብ ያን ያህል እንዳልነበረ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ሁለተኛውን ወንድ ልጃቸውን ግን መኰንን አሉት፤ የሐረር መስፍንም አደረጉት። እርሱም በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ።

ስለ ስም ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህንንም ስለ ይልማ ለጠየቀችን እኅታችን ብለን ፈልገን ያገኘነው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከእቴጌ መነን የወለዷት የመጀመሪያ ልጅ ሴት ነበረች። የተሰጣት ስም ተናኘ ወርቅ ነው፤ ያም የአያታቸው፣ የወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ስም ነው።